ለአንድ ሯጭ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጳጉሜ በገባ ቁጥር የእህቴ ልጅ ሳሮን ትደውልልኛለች። ጤናዬን አትጠይቅም፤ እንቁጣጣሽ መድረሱም ትዝ አይላትም። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ድራፍት አለን። አንድ ስሊፐር ስጠኝ!» ትላለች፤ ሰላምታዋ ይኸው ነው። አንቱ ማለት ከቀረ ቆይቷል፤ ቢሆንም «ስጠኝ» ስትለኝ ፊቴን ኮስተር አደርጋለሁ፣ በስልክ ስለማታየኝ ግን ጥቅም የለውም። «ስሊፐር በስልክ አይሰጥም፤ መጥተሽ ምሳ ጋብዢኝ» እላታለሁ። ዘንድሮም መጣች። የአበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርኪንግ ስትፈልግ ሦስት ጊዜ ዞራ፣ ተበሳጭታ ገባችና ስልኳን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግታ የተጫዋቾቹን ዝርዝር አሳየችኝ። ከየስሙ ጎን አረንጓዴ ቀስት፣ ቀይ ቀስት፣ በመቶኛ የተሰላ ቁጥር አለ። «ሁሉን ነግሮሽ የለም እንዴ? ታዲያ እኔ ምን ላደርግልሽ ነው?» ስላት «ሶ፣ እሱ የማያውቀውን ንገረኛ» አለች። ይህቺ አነጋገሯ ደስ አለችኝ። ጥብሱ እስኪመጣ ድረስ ከአፌ የወጣው ግን የዘንድሮ ተጫዋች ስም ሳይሆን የግርማ ስም ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። እኛ ካደግንበት እግር ኳስ ጋር ዝምድና የለውም፤ አሜሪካኖች የራስ ቁር ደፍተው፣ እንቁላል የመሰለ ኳስ በጉያቸው ሸጉጠው የሚጋፉበት ጨዋታ ነው። ጓደኛሞች ይሰበሰቡና እውነተኞቹን ተጫዋቾች በየተራ በስም ይመርጣሉ፤ ምርጫው ድራፍት ይባላል። አንተ የወሰድከውን ሌላው አይወስደውም። ከዚያ በየእሁዱ ተጫዋቾችህ በሮጡት ልክ ነጥብ ይቆጠርልሃል። «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሚባለው ነው፤ ይቺ ላም ግን አንዳንድ እሁድ ትታለባለች። ስሊፐር የሚባለው ማንም ያላየው፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ተጽፎ ቆይቶ በኋላ ጉድ የሚያሰኝ ተጫዋች ነው። ባስት ደግሞ ስሙ ከተራራ የገዘፈ፣ ሲወስዱት ግን ባዶ የሚሆን ነው። የድራፍት ጥበብ ሁሉ ሁለት ነገር ነው፤ ያንን ማግኘት፣ ይህን መሸሽ።

ከግርማ ጋር የተዋወቅነው አየር ማረፊያው አጠገብ፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ነው። ተራችን እስኪደርስ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት እንቀመጣለን። ያን ጊዜ ቤንዚን ከአንድ ዶላር ብዙም አያልፍም ነበር። ሜዳው ዳር ከምትቆመው የምግብ መኪና አንድ ቡሪቶ፣ ያንን የሜክሲኮዎች ጥቅልል፣ እንገዛና ለሁለት እንቆርሰዋለን፤ አንድ ዶላር ከሃምሳ፣ ቃሪያው በነጻ። ግርማ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ነበረው፤ ክርኑ ላይ ተልጦ ነጭ ሆኗል። እኔ ደግሞ ትከሻው የትየለሌ የሆነ ግራጫ ኮት ነበረኝ፤ ሳሮን ፎቶውን አይታ «ኮቱ ውስጥ ስንት ሰው ነበራችሁ?» ብላኛለች። ወገባችን ላይ የሚፈልገንን ሰው ቁጥር የሚያሳይ ቢፐር፣ መኪናው ውስጥ የትዝታ ካሴት፤ ካሴቱ ሲበላ በእስክሪብቶ አጠንጥነን እንመልሰዋለን። ፌርፋክስ ላይ ገና የአገራችን ስም አልተለጠፈም ነበር። ሁለት ሦስት ምግብ ቤት፣ በርበሬና ካሴት ጎን ለጎን የሚሸጥ አንድ ሱቅ፣ ከእነሱ መሀል ደግሞ አሮጌ ወንበርና የግድግዳ ሰዓት የሚሸጡ ፈረንጆች ነበሩ። ኦሎምፒክ ከሚባለው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ የሕዝብ ስልክ ቆሞ ነበር፤ በካርድ ወደ አገር ቤት እንደውልበታለን። እኔ ከእናቴ ጋር ሳወራ ግርማ አጠገቤ ይቆምና መጨረሻ ላይ ስልኩን ይቀበለኛል። አይታው የማታውቀውን ልጅ እናቴ ስትመርቀው፣ እሱ «አሜን፣ አሜን» እያለ ስልኩን ይሳለማል። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ቆሟል።

እንደ ዛሬው ስልክ ሳይኖር ስሊፐር እንዴት እንደምናገኝ ሳሮን ጠየቀችኝ። ከኋላ ወንበር ነዋ! ከየከተማው የሚመጣ መንገደኛ አውሮፕላን ላይ ሲያነበው የነበረውን የአገሩን ጋዜጣ ታክሲው ውስጥ ጥሎት ይወርዳል። ሌላው ሾፌር ቆሻሻ ብሎ ይጥለዋል፤ እኔና ግርማ ግን እንደ ቅርስ እንሰበስባለን። የትልቅ ከተማ ጋዜጣ ወሬው ስለ ታዋቂዎቹ ብቻ ነው። የትንሽ ከተማ ጋዜጣ ግን ልምምድ ሜዳ ላይ ማን ቀድሞ እንደደረሰ፣ ማን ከአሰልጣኙ ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ጉልበት በበረዶ እንደታሸገ ይጽፋል። ሥራ ተከፋፍለናል። ስሊፐር ፈላጊው እኔ ነኝ። «ሯጩን ተወው፤ ከፊቱ መንገድ የሚጠርጉለትን ሰዎች እይ» እላለሁ፣ አሁንም ለሳሮን የምላት ይህንኑ ነው። ባስት የሚሸሸው ደግሞ ግርማ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይልና እድሜው ሠላሳ የሞላ ሯጭ አያስጠጋም፤ ትልቅ ውል የፈረመ አያስጠጋም፤ በዚያው ክረምት ሠርግ የደገሰ ተጫዋች ከሆነማ ስሙን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘዋል። «ሙሽራ አይሮጥም፤ ለማን ብሎ?» ይላል። ከጓደኞቻችን ጋር ባቋቋምነው ሊግ ውስጥ እኔና እሱ አንድ ቡድን ነበረን፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ማንም አልቻለንም።

ከዚያ እናቴ ሞተች። መርዶውን ማለዳ ጓደኞቼ ተሰብስበው መጥተው ነገሩኝ፤ ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ያለችው ጠባብ አፓርትማዬ ሰው መያዝ አቅቷት ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀምጠው ነበር። ጎረቤቶቼ አይሁዶች ነበሩና ሐዘን ቁጭ ብሎ መቀመጥ እንዳለው ያውቃሉ፤ ወንበር አዋሱን። ግርማ ግን አልመጣም። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ እሱ አይደለም። በአምስተኛው ቀን፣ ሰዉ ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ በዚያ ቡናማ ጃኬቱ በሬ ላይ ቆመ። መንገደኛ ጭኖ በረሃውን አቋርጦ ሲሄድ መኪናው ተሰብሮ፣ ዕቃ እስኪመጣለት ከአንዲት ትንሽ ከተማ መውጣት አቅቶት ነበር። ማን ይደውልለት? ቢፐሩ እዚያ አይሠራም፤ መርዶውን የሰማው ሲመለስ ነው። ይህን አውቄያለሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ ነግሮኛል። አውቄም «ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶብህ መጣህ?» አልኩትና በሩን ዘጋሁበት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። እናቴን በእጄ አልቀበርኳትም፤ የምቆጣበት ሰው ስፈልግ ግርማን በሬ ላይ አገኘሁት።

«አኩራፊ ምሳው እራት ይሆነዋል» ይባላል፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳ ሳልበላ ኖርኩ። እሱ ኢንግልዉድ፣ አውሮፕላን ጣራው ላይ እየተንጫጫበት፤ እኔ ፒኮ ሮበርትሰን። ሜዳው ላይ እሱ ከግራ ሲቆም እኔ ከቀኝ። ቡድናችንም ለሁለት ተከፈለ። ጓደኞቻችን አዘኑ እንዳልል ሊጉ ድሮ ዘጠኝ ቡድን ነበርና በየሳምንቱ አንዱ ተጋጣሚ ያጣ ነበር፤ እኛ ስንጣላ አሥር ሞላ! እኔ ግን ያለ ግርማ ባስት መለየት አልችልም፤ ቡድኔ የጉልበት ሕመምተኞች መጠለያ ሆነ። እሱም ያለ እኔ ስሊፐር አያገኝም፤ ቡድኑ ጤነኛ ነው፣ ግን ነጥብ አያመጣም። ሁለታችንም ከታች ነበርን። እውነቱን ልናገርና፣ የናፈቀኝ ማሸነፉ አልነበረም። ጋዜጣ ገልጬ አንድ የሚያስቅ ነገር ሳገኝ «ስማ እስቲ» ብዬ ዞር ስል ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑ ነበር የሚያንገበግበኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አፌ እንቢ አለኝ።

በሁለተኛው ዓመት ጳጉሜ ላይ ድራፍቱ እንደ ወትሮው እትዬ ጥሩወርቅ ምግብ ቤት ተደረገ። እጣ በባርኔጣ ወጣ፤ አቀማመጣችንም በእጣው ተራ ነው። ግርማ ዘጠነኛ፣ እኔ አሥረኛ! ትከሻችን ተነካክቶ፣ ፊታችን ወዲያና ወዲህ ዞሮ ተቀመጥን። እትዬ ጥሩወርቅ ሆን ብላ ይሁን ሳታስበው፣ ለሁለታችን አንድ ትሪ አቀረበች። ከአንድ ገበታ ተኳርፎ መብላት እንዴት እንደሚያስቸግር የቀመሰ ያውቀዋል። እሱ በእሱ በኩል፣ እኔ በእኔ በኩል እየቆረስን መሀሉ ላይ ያለው ሥጋ ሳይነካ ቀረ። ሰባተኛው ዙር ሲደርስ ዓይኔን ጥዬበት የነበረውን፣ አንዲት አሮጊት ጥላው በወረደችው ጋዜጣ ጥግ ላይ ያገኘሁትን ለግላጋ ሯጭ ልጠራ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ግርማ ቀድሞኝ ጠራው። በኋላ ጭልፊት የሚል ስም ያወጣንለት ልጅ ነው። ግርማ በሕይወቱ ስሊፐር መርጦ አያውቅም! ወንበሬን ገፍቼ ልነሳ ነበር፤ አጠገባችን የነበረው የሊጋችን ባልደረባ ኃይሉ ክንዴን ያዘኝ።

ጥቅምት ሲገባ ጭልፊት አገር ያሸብር ጀመር። በየሰኞው ጋዜጣ ላይ ስሙን ሳየው ጋዜጣውን አጣጥፌ ወንበር ሥር እወረውረዋለሁ። በሊጋችን ሕግ ተጫዋች መለዋወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ባለቤቶች አፍ ለአፍ መነጋገር አለባቸው። ለኃይሉ «ልጁን እፈልገዋለሁ፤ ግርማን ግን አላናግርም» አልኩት። ይህን ጋሼ ተፈራ ሰሙ። ጋሼ ተፈራ የሜዳው ታላቅ ናቸው፤ ሊጋችን ውስጥ የሉበትም፣ ጨዋታውንም «ጡንቸኞች ተኝተው የሚነሱበት» ነው የሚሉት። ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆዩና «ለሚስት ሽማግሌ ይላካል፤ ለተጣሉ ባልና ሚስትም ይላካል። ለሯጭ ምን ያግደዋል?» አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን በማግስቱ ሽማግሌ መርጠው ጨርሰዋል፤ ራሳቸው፣ የጨዋታውን ቋንቋ እንዲተረጉም ኃይሉ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ። «ሴት ሽማግሌ የት አለ?» ቢሏት «ገበታው የእኔ፣ ኩርፊያው የእናንተ! እሄዳለሁ» ብላ መኪናው ውስጥ ቀድማ ገባች።

የሆነውን የነገረኝ ኃይሉ ነው። ግርማ በሩን ሲከፍት ሦስቱንም ነጠላ ለብሰው ቆመው ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ «ማን ነው የሞተው?» አለ። «ማንም አልሞተም ልጄ፣ ለደግ ነው» አሉ ጋሼ ተፈራ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ግቡ! ተቀመጡ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም። እዚህ ቤት አንድ ጎበዝ ልጅ አለ ሲባል ሰምተን፣ ለልጃችን እንድትሰጠን ብለን ነው።»

«ምን ልጅ አለኝ ጋሼ? ሚስት እንኳ መች አገባሁ!»

«ጭልፊት የሚባለውን ነው» አለ ኃይሉ።

ግርማ ግድግዳውን ይዞ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ አልሳቁም፤ ቆመው ጠበቁት። ሳቁን ሲጨርስ ግን «አልሰጥም» አለ።

«ጥሎሹ አንሶ እንደሆነ» አለች እትዬ ጥሩወርቅ፣ «ሁለት ኳስ ተቀባይ እንሰጣለን። ጥሩዎች ናቸው አሉ። አይደል ኃይሉ?»

«የጥሎሽ ነገር አይደለም እትዬ። ልጁ ጉልበቱ ደህና አይደለም። በጋዜጣ አልወጣም፤ ታክሲዬ ላይ ያሳፈርኩት መንገደኛ ነው የነገረኝ። ሕመሙን እያወቅሁ ብድረው ነውር አይሆንም?»

ጋሼ ተፈራ በዚህ መልስ ረክተው ተቀመጡ። «እውነቱን ነው፤ ሕመም ተደብቆ አይዳርም» አሉ፤ ሁለተኛ ቀጠሮም ተያዘ። ይህን ሲነግሩኝ ግን እኔ ጦፍኩ። «ጉልበቱ! ባለፈው እሁድ ሁለት ሰው ዘሎ አልነበረም እንዴ? ምቀኝነት ነው እንጂ ሌላ አይደለም!» ጋሼ ተፈራ «አንተ ልጅ፣ ሰውየው ለአንተ ተጨንቆልህ ነው» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። በሁለተኛው ቀጠሮ ሦስቱ እንደገና ሄዱ፤ ግርማም እንቢ ማለት ሰለቸው። ሁለቱን ተቀባዮች መልሶ ልኮ፣ ጭልፊትን ያለ ጥሎሽ ሰጠ፤ ሊጉም የሽማግሌ ቃል እንደ አፍ ለአፍ ይቆጠራል ብሎ ፈቀደ። «ጉልበቱን ይጠብቀው በሉት» የሚል መልእክትም ነበረበት። እኔ ጉልበት የምጠብቅ ሰው ነኝ? አሸንፌ እንደ ወሰድኩት ሁሉ ሜዳው ላይ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

የእሁድ ጨዋታ እዚህ ቅዳሴ ሳያልቅ ይጀምራል። የዚያን እሁድ ቄሱ ስብከት አራዘሙ፤ እኔ በአንድ እግሬ እንደ ቆምኩ ነበር። ቤቴ ገብቼ ቴሌቪዥኑን ስከፍት ሁለት ሰዎች ጭልፊትን በትከሻቸው ደግፈው ከሜዳ ሲያወጡት ደረስኩ። ቀኝ ጉልበቱ። ዘጋቢው «ለዘንድሮ አበቃለት» አለ። ሶፋዬ ላይ እንደ ተቀመጥኩ ሳቄም ንዴቴም መጣብኝ። ከንዴቱ በላይ ግን አፈርኩ። ሰውየው አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ምቀኛ ብዬው ነበር። አሁን ስልኩን አንስቼ «ልክ ነበርክ» ማለት ብቻ ነው የቀረኝ ብዬ ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። አራት ጊዜ ያህል እንዲሁ አደረግኩ።

ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ግርማ ነው። ነጠላውን የሐዘን አጣጣል ጥሎ፣ ክዳን ያለው ድስት በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። በሩን እንዳልዘጋ እግሩን ደፉ ላይ አድርጓል። ፊቱ የቀብር ፊት ነበር።

«እግዜር ያጥናህ» አለኝ። «በልጅነቱ ተቀጨ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ድስቱን ከፈተልኝ፤ ንፍሮ ነው፣ ስንዴና ሽምብራ፣ ገና ይጨሳል። ለጭልፊት ለቅሶ ንፍሮ ቀቅሎ መጥቷል! ከሆዴ የወጣውን ሳቅ እኔም አላውቀውም፤ በሩን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ድስቱን እንደያዘ ደፉ ላይ ቁጭ አለና ሁለታችንም መተንፈስ እስኪያቅተን ሳቅን። ጎረቤቴ በር ከፍቶ አይቶን ዘጋው። ትንፋሼ ሲመለስ «አንተ ስሊፐር ፈላጊ አይደለህ፤ ጉልበቱንም አውቀሃል። ለምን መረጥከው?» አልኩት።

«ከፊቱ የሚጠርጉለትን ሰዎች አይቼ፣ አንተ እንደምትፈልገው አውቄ ነዋ» አለ። «እሱን ካልያዝኩ በምን ታናግረኛለህ? አንተ ደግሞ ሽማግሌ ትልካለህ!»

እንደገና ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ አለቀ። ግርማ ተነስቶ ገባ። ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ሶፋውን፣ ሁለቱን ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የእናቴን ፎቶ። ድምፁ ተለወጠ።

«የእማዬ ጊዜ» አለ፣ «ሰዉ ሁሉ ሲቀመጥ፣ እኔ ብኖር የት ጋ ነበር የምቀመጠው?»

ሶፋው ላይ ከጎኔ ያለውን ቦታ በእጄ አሳየሁት። ሄዶ እዚያው ተቀመጠ፤ ፎቶውን ቀና ብሎ እያየ እንደ ልጅ አለቀሰላት። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከቁጣ ብዛት ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ። ወደ ማታ ኃይሉ መጣ፤ ጋሼ ተፈራና እትዬ ጥሩወርቅም ነገሩን ሰምተው መጡ። ንፍሮውን እየዘገንን፣ ስለ እናቴ እያወራን፣ ስለ ጭልፊት ጉልበት እየሳቅን አመሸን። ግርማ ሰኞ ታክሲውን አላንቀሳቀሰም። ማክሰኞም አላንቀሳቀሰም። ሦስቱንም ቀን ተቀመጠ።